ቀለብተኛው ገና መቺ

ይመር ጫኔ መሞቱን የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት ደሴ ሆኜ ነው። የእህቴ ልጅ ከመካነ ሰላም ደውሎ፣ "አጎቴ፣ አያ ይመር አረፉ። ቀብሩ ነገ ነው። ሰው ከወግዲም ከማሻም እየገባ ነው" አለኝ። "ነፍስ ይማር" አልሁ። በአፌ ነው። በሆዴ ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ሌላ ነበር፤ እኔ ስሞት ከማሻ ማን ይመጣል? ማሻስ ሩቅ ነው፤ ከጎረቤት ማን ይመጣል?

ባለቤቴ ዘነበች መርዶውን ስነግራት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንባዋን አወረደችው። ለእናቴ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። ይህንንም ያዝሁበት።

ሳልደብቅ ልናገር፤ እኔ በዚህ ሰው ስቀና ነው የኖርሁት። ቅናቴ እንደ ሪህ ነው፤ ሲበርድ ይብሳል እንጂ አይለቀኝም። እሱ ሲሞት ይተወኛል ብዬ ነበር። አልተወኝም።

ይመር ከመምጣቱ በፊት በመካነ ሰላም ገና መቺ ከተባለ እኔ ሞላ ነበርሁ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ታኅሣሥ ሲገባ ግን የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ጨፌ እወርዳለሁ። በእኛ አገር ታኅሣሥ ሲገባ ከተማው ለሁለት ይከፈላል። ከገበያው በላይ ያለው ላይ ቤት ነው፤ ከገበያው በታች ያለው ታች ቤት፤ እኔ የታች ቤት ሰው ነኝ። ከከተማው ግርጌ ካለው ጨፌ ወርደን፣ ጫፉ በቆለመመ የገና ዱላ እሩሯን እየለጋን ወደ ባላጋራ ዳር ለማሳለፍ እንታገላለን። እሩር ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል ናት፤ ቅልጥም ካገኘች ምሕረት የላትም።

ዋናው ግጥሚያ የገና ዕለት ነው። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባላልና፣ ያሸነፈው ወገን እየዘፈነና እየተሳደበ የተሸነፈውን ወገን ባላባት ደጅ ይረግጣል። ይህ በየአገሩ አለ። የእኛ አገር አንድ ነገር ጨምሮበታል፤ የተሸነፈው ወገን ባላባት አሸናፊዎቹን ከገና እስከ ከተራ ያበላል። የገና ዱላ ይዞ ደጁን የረገጠ ሁሉ አሸናፊ ነው፤ "አንተ ደግሞ ማን ነህ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። በደኅናው ዘመን ይህ የሳቅ ነገር ነበር። አምስት ስድስት ጎረምሳ ሄዶ ጠላውን ይጠጣል፣ ባላባቱን ይሰድባል፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራው ይመለሳል።

የላይ ቤት ባላባት ቀኛዝማች ውቤ ነበሩ። በእኔ ዱላ ሦስት ዓመት ተከታትለው ተሸነፉ፤ ሦስት ዓመት በደጃቸው ተሰደቡ። በሦስተኛው ዓመት ስለ ጢማቸው አንድ ግጥም ገጠምሁ። ጌታ አይቆጣም ቢባልም እኒህ ጌታ ተቆጡ መሰለኝ፤ ክረምቱ ሳይገባ ከወግዲ አንድ ሰው አስመጡ። ስለዚህ ይመርን መካነ ሰላም ያመጣሁት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ማንም ግን ይህን ብሎልኝ አያውቅም።

ቀኛዝማች ቤት ሰጡት፤ ቀለብም ቆረጡለት። በየወሩ ጤፍና ባቄላ ይሰፈርለታል። አያርስ፣ አይነግድ፣ አይቀድስ። ሥራው ገና መምታት ብቻ። አገሩ ጉድ አለ። "ጨዋታ በቀለብ! ነገ ደግሞ ለሳቂ ደመወዝ ይቆረጥ ይሆናል" ተባለ። የቀኛዝማች በረኛ ካሳ፣ አሽሙር የማያልቅበት ሰው ነውና፣ "እኔ በር እየጠበቅሁ የማገኘውን እሱ በር እየሰበረ ያገኛል" ይል ነበር። ቀለብተኛው የሚለው ስም ወጣለት። እኔም ካወጡለት አንዱ ነኝ።

መልኩን ስታዩት የሚያስቀና አልነበረም። ጠይም፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም። የግራ እጁ ትንሿ ጣት አንድ ጊዜ ተሰብራ ጠማማ ሆና ድናለች። ከመምታቱ በፊት አፈር ቆንጥሮ መዳፉን ያሽና ዱላውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ያሸታል። ለምን እንደሚያሸት ስጠይቀው "ወይራው ዛሬ ደስ ብሎታል ወይስ ከፍቶታል ብዬ ነው" አለኝ። የዚያን ዕለት ሳቅሁበት። በማግስቱ ሰው በሌለበት ዱላዬን አሸተትሁ። የወይራ ሽታ ነው፤ ሌላ የነገረኝ የለም።

ከአፉ የማትጠፋ ቃል ነበረችው፤ አብሽር፣ አይዞህ ማለት ነው። እናቱ የእስላም ልጅ ናት፤ ከእሷ የለመዳት ነች። ሰው ሲያዝን አብሽር፣ ሰው ሲወድቅ አብሽር፣ እሩር በቅልጥሙ ስታልፍ ራሱን አብሽር። እኛ ታኅሣሥ ካልገባ ዱላ አንነካም፤ እሱ በሐምሌ ዝናብ ገደሉን እየወረደ እየወጣ ይሮጥ ነበር። በሐምሌ! ሴቶች ከወንዝ ሲመለሱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲያዩት አበደ እያሉ ያማትቡ ነበር። "ጉልበት ከእግር ነው፤ እጅ መልእክተኛ ነው" ይላል። ደግሞ፣ "እሩር ዓይን የላትም፤ ዓይኗ አንተ ነህ" ይላል። ይህችን ሁለተኛዋን ዛሬ የልጅ ልጆቼ ሳይቀሩ ይሏታል፤ እኔ ያልኋት እየመሰላቸው። ስለማላርማቸው እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጨዋታውንም እንደ ቤቱ አጸዳው። ዱሮ የፈለገው ሁሉ ገብቶ የሚፈነካከትበት ጦርነት ነበር። እሱ በጨፌው ዳርና ዳር ድንጋይ አስተከለ፤ ተጫዋቹን እኩል ቁጥር አደረገ፤ አንድ ሽማግሌ ዳኛ ሆኖ እንዲቀመጥ አስወሰነ። "ሆን ብሎ ቅልጥም የመታ ይውጣ" አለ። ሁለት ቡድን አደራጅቶም በጥቅምት ወግዲና ማሻ እየወሰደ በገበያ ቀን ያጫውት ጀመር፤ የገበያው ሰው አንድ አንድ ጭብጥ እህል ይጥልላቸዋል። ተጫውቶ እህል ይዞ የሚመለስ ጎረምሳ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም ነበር። እኔን ሁለት ጊዜ ለመነኝ። "ሞላ፣ ያለ አንተ አይደምቅም፤ ና አብረን እንሂድ" አለኝ። ልብስ ስፌት በዛብኝ አልሁት። መኪናዬ ላይ አቧራ ነበር ያለበት።

በትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ ፀጉረ ቀይ አሜሪካዊ ነበር። አንድ ቀን ጨፌው ዳር ቆሞ ይመርን ሲያይ ቆየና በሰባራ አማርኛው፣ "በእኔ አገር ይኸ ሥራ ነው። ቤዝቦል ይባላል። በዱላ ኳስ የሚመታ ሰው ደመወዝ አለው" አለ።

ይመር ዱላውን ጥሎ ተጠጋው። "ከሁሉ በፊት ተከፍሎት የመታው ሰውዬ፣ ሰዎች ምን አሉት?"

"ሰነፍ አሉት። ሴት ልጃቸውን አልሰጡትም።"

"ኋላስ?"

"ኋላ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።"

ይመር ራሱን ነቀነቀና ያንን ባሕር ማዶ የሞተ የማያውቀውን ሰው "አብሽር" አለው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሰድበው "ያንን አሜሪካዊ ወንድሜንም እንዲህ ብለውታል" ይል ነበር። ሁላችን ጎረቤት ሲንቀን የምንጽናናበት ዘመድ እናጣለን፤ እሱ ከባሕር ማዶ አገኘ።

ከሠራሁት ክፉ ሥራ አንዱን ልናዘዝ። በመጣ በመጀመሪያው ገና ቁምጣ አሰፋኝ። ቁምጣው ላይ ያዋልሁት ክር የበሰበሰ ነበር፤ አውቄ ነው። ጨዋታው መሐል ከኋላው ተርትሮ እስከ ወገቡ ይከፈታል፤ ሰው ይስቅበታል፤ አፍሮ ይወጣል ብዬ። እንዳሰብሁት ተተረተረ። ሰውም ሳቀ። እሱ ግን አብሮ ሳቀ፤ የአንዱን ጎረምሳ ነጠላ ተቀብሎ ወገቡ ላይ ሸብ አድርጎ ሦስት ጊዜ አከታትሎ አሳለፈብን። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የላይ ቤት ልጆች ሁሉ በቁምጣቸው ላይ ነጠላ ካልታጠቁ አንጫወትም አሉ። ዘነበች ያን ጊዜ ገና ሳላገባት ከሴቶቹ መሐል ቆማ ለእሱ እልል ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። በማግስቱ ቁምጣውን ይዞ ሱቄ መጣና፣ "ክሩ አርጅቶ ነው ሞላ፤ አብሽር፣ ሰው ላይ ይደርሳል። አንተው ስፋልኝ" አለ። ዓይኑን አየሁት። አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ? እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያን ጊዜ በጠንካራ ክር ሰፋሁለት፤ እስኪሞት አልተበጠሰም ይባላል።

ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። ዝናቡ ከቆላው ቀረ፤ ቀጥሎ ከእኛም ሳሳ። ከምሥራቅ ወሎ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ደጋው ይወጡ ጀመር። በገበያው ዳር፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ በጨፌው ጠርዝ ተኮልኩለው ይቀመጣሉ። አይለምኑም፤ ዝም ብለው ያዩናል። እኛም ጓዳችን ባዶ ነበር፤ ያለንን ቆሎ ተካፍለን አለቀ። ጠዋት ጠዋት የቀባሪ ያለህ የሚባልበት ጊዜ ሆነ። ራዲዮኑ ስለ ንጉሡ ጉብኝት ይናገራል፤ ስለ እኛ ምንም።

እህል የነበረው የቀኛዝማች ጉድጓድ ውስጥ ነው። የማያውቅ አልነበረም። ቄሶቹ ሄደው ለመኗቸው፤ "ለዘር ነው" አሉ። ሽማግሌ ተላከ፤ "ለዘር ነው አልሁ" አሉ። ይመርም ቀለቡን ቀቅሎ በገበያው ዳር ሲያድል አየነው፤ እሱ ራሱ እንደ ዱላው ቀጠነ። አንድ ሰው ግን ስንቱን ይችላል?

ኅዳር ሲያልቅ ይመር ዱላ መጥረብ ያዘ። ከወይራ ብቻ አይደለም፤ ከክትክታ፣ ከብሳና፣ ካገኘው እንጨት። አንድ አይደለም፣ አሥር አይደለም፤ የቤቱ ግድግዳ በዱላ ተሞላ። "ሰው በሚሞትበት ዓመት ይኸ ሰው ዱላ ይጠርባል! ስሙን በየቤቱ ሊሰቅል ነው" እያልሁ ለደንበኞቼ አወራሁ። ዘነበች አንዷ ነበረች። "አንተ ደግሞ፣ ሰውየው ምን አደረገህ?" አለችኝ። የልብሷን ዋጋ ነገርኋት።

የገና ዕለት ሁለታችንም ወገን ወረድን። የጾም መፍቻ የበላ ተጫዋች ጥቂት ነው። ጨፌውን ዙሪያውን ስደተኞቹ ከበውታል። ሁለት ለሁለት ሆንን፤ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ነው፤ ዳኛው "የሚቀጥለው ያሸንፋል" አለ። እሩሯ እኔ እግር ሥር ወደቀች። ከእኔና ከላይ ቤት ዳር መካከል አንድ ሰው ብቻ ቆሟል፤ እሱ።

ባለ በሌለ ጉልበቴ መታኋት። ዛሬም እጄ ላይ ትሰማኛለች። ነገር ግን እውነት እውነት ነውና፣ ምቷ ጥሩ አልነበረም። ጉልበቱ ላይ ቀጥ ብላ ሄደችለት። እንደዚህ ያለችውን እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይመልሳታል። ዱላውን አነሣ። ከዚያ ወደ እሩሯ ማየት ሲገባው ወደ ጨፌው ጠርዝ አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ሰው ጉንዳን ላለመርገጥ እግሩን እንደሚያነሣ ዱላውን ከፍ አደረገና እሩሯን አሳለፋት። በአጠገቡ እየሮጥሁ ሳልፍ በቀስታ "አብሽር" ሲል ሰማሁት።

ታች ቤት እኔን ተሸከመኝ። ይመርን አሸነፈው! ይመርን! እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲያ አላየሁም፤ ስዳርም፣ ልጅ ስወልድም። ያየሁትን አይቻለሁ፤ ነገር ግን በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ያየውን የሚያስብ ማን ነው?

ተሸክመውኝ ወደ ቀኛዝማች ደጅ ስንወጣ ዞር አልሁ። ከኋላችን ያ ሁሉ ስደተኛ ተከትሎናል። በየሰው እጅ የገና ዱላ አለ፤ ይመር የጠረበው። በሩ ላይ ካሳ ቆሟል። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ዱላውን ገልብጣ በቆልማማው በኩል ይዛለች።

"ሴት ደግሞ ገና ትመታለች?" አላት።

"ዘንድሮ ተማርሁ፣ ጌታዬ" አለችው።

ካሳ ወደ ጌታው ዞረ። ቀኛዝማች በደጃቸው ቆመው ሕዝቡን አዩ። ዱላ የያዘን ሰው ማን ነህ አይሉ ነገር ነውር፤ አይቆጡ ነገር የገና ጨዋታ። አገር ሁሉ ያያል። ጢማቸውን ሳብ አደረጉና "ይግቡ" አሉ። ጉድጓዱ ተከፈተ። ከገና እስከ ከተራ በዚያ ግቢ ንፍሮ ሲቀቀል፣ ዳቦ ሲጋገር ሰነበተ። በየቀኑ ይመጣሉ፤ በየቀኑ ዱላቸውን ይዘው። ጉልበት ያገኘው ተነሥቶ መንገዱን ቀጠለ፤ ከእኛም ጋር የቀረ አለ። ያቺ ሴት ልጇን ይዛ ከተራ ዕለት ስትሄድ አይቻታለሁ፤ ዱላውን ምርኩዝ አድርጋው ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ቀኛዝማች አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛው እስኪታወቅ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ እየማለ የሚመሰክርበት ሸንጎ ነው። "ቀለብተኛዬ ጨዋታውን ሸጦብኛል፤ ያየ ይናገር" አሉ። ከተመሰከረበት ጅራፍ ነው፣ እግር ብረት ነው፣ ደሴ እስር ቤት ነው። ይመር መሐል ላይ ተቀምጧል። ዱላውን ሁሉ ለምን ጠረብህ ሲሉት፣ "የገና ወር ነበር፣ ጌታዬ። ገና መቺ ምን ሊጠርብ ኖሯል?" አለ።

አንድ ባንድ ተነሥተው ማሉ፤ "አላየሁም፣ አልሰማሁም"። ከዚያ ቀኛዝማች ወደ እኔ ዞሩ። "ሞላ፣ የመታሃት አንተ ነህ። ከሁሉ ቅርብ አንተ ነበርህ። ለቀቀልህ ወይስ አለቀቀልህም?"

እውነቱን ልናገር ተነሣሁ። እዚህ ላይ አልዋሽም። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ቀን ነበር፤ አንዲት ቃል ብናገር ይመር ከዚያ አገር ይጠፋልኛል። "ለቀቀልኝ" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ቃሉ ምን እንደሚያስከፍለኝ ያን ጊዜ ታየኝ። ለቀቀልኝ ካልሁ አላሸነፍሁትም ማለት ነው። በትከሻ የተሸከሙኝ ሁሉ ያወርዱኛል።

"አሸንፌዋለሁ፣ ጌታዬ" አልሁ።

ቀኛዝማች ሳቁ። "አንተ? ይመርን?"

ያቺ ሳቅ አንጀቴን አነደደችው። "አዎ እኔ! ለምን አላሸንፈውም? ሦስት ዓመት እርስዎን ያሰደበ ዱላ አይደለም እንዴ? ከእሱ ምን ያንሰኛል? በማርያም እምላለሁ፣ በዚህች እጄ አሸንፌዋለሁ!" እያልሁ ጮህሁ። ንዴቴ የእውነት ስለነበረ ውሸቴን አሳመነልኝ። ሸንጎው ተበተነ።

ይመር ሱቄ ድረስ መጣ። ጠማማ ጣቱ ባለችበት እጁ ትከሻዬን ይዞኝ ቆየና ሄደ። ለእሱ ብዬ የዋሸሁ መስሎት ማመስገኑ ነበር። እኔም እንደመሰለው ይሁን ብዬ ተውሁት።

ወር ሳይሞላ አዲስ አበባ ታወከ፤ በመስከረም ንጉሡ ወረዱ፤ ከዚያ ዘማች ተማሪዎች መጡ፤ የመሬቱ አዋጅ ታወጀ። አንድ መነጽራም ተማሪ ጠረጴዛ ዘርግቶ የእያንዳንዳችንን ሥራ ይጽፍ ነበር። ይመር ተራው ሲደርስ "ገና መቺ" አለ።

"ይኸ ሥራ ነው? የባላባት ቀለብተኛ ነበርህ አሉ" አለው ተማሪው፤ "ሥራ ፈት" ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን አነሣ።

"ቆይ እንጂ፣ ወንድሜ። መሬት አለኝ? የለኝም። ጭሰኛ አለኝ? የለኝም። ያለኝ ላቤ ነው፤ እሱንም ሸጬ በላሁ። እናንተ ላብ አደር የምትሉት እንግዲህ ማን ሊሆን ነው?"

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ብቻ አልሳቅሁም፤ እንዲህ ያለው መልስ ለምን ለእኔ እንደማይመጣልኝ እያሰብሁ ነበር።

ቀኛዝማች ውቤ መሬታቸውን ተነጥቀው አገር ለቀው ሲሄዱ ሰው ሁሉ በሩን ዘጋ። እኔም ዘጋሁ። ሻንጣቸውን ተሸክሞ አውቶቡሱ ድረስ የሸኛቸው ይመር ነው። ምን ነክቶህ ነው ስለው፣ "ቀለባቸውን በልቻለሁ። ደግሞ አንድ ጊዜ በድያቸዋለሁ" አለኝ። ምኑን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለዚያች እሩር ተነጋግረን አናውቅም።

ዘነበችን አገባሁ፤ ሥራዬን ይዤ ደሴ ገባሁ። እሱ እዚያው ቀረ። በየትምህርት ቤቱ ልጆች አሠለጠነ፤ የሠለጠኑት ለአውራጃ ተጫወቱ፤ ለፋብሪካ ቡድን ተቀጥረው በደመወዝ ኳስ የተጫወቱም አሉ። የማንም ሰርተፍኬት ሳይኖረው መምህር ተባለ። እኔ ደግሞ መካነ ሰላም በሄድሁ ቁጥር ገበያ መሐል ሰው በጣቱ እየጠቆመኝ፣ "አያ ሞላ ናቸው፤ ይመርን ያሸነፉት" ይላል። አንድ ስም ብቻ ነው ያለኝ፤ እሷም የእሱ ስም አለባት። ቢሆንም ጫማዬን አስጠርጌ ነበር የምሄደው።

እንግዲህ ረቡዕ ቀብሩ ላይ ደረስን። ሕዝቡ ጨፌውን ሞላ። በዕድሜ የሸበቱ ሰዎች ቁምጣ ባይለብሱም በሱሪያቸው ላይ ነጠላ ሸብ አድርገው ታጥቀዋል፤ ምክንያቱን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ አንዱ እኔ ነኝ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። ቀጥሎ አንድ ጎልማሳ መምህር ተነሥቶ፣ "እኚህ አባት አያ ይመርን በጨዋታ ያሸነፉ ብቸኛው ሰው ናቸው፤ አንድ ነገር ይበሉልን" ብሎ እኔን አስነሣኝ።

ቆምሁ። የምናገረውን ከደሴ ጀምሬ አዘጋጅቼ ነበር፤ እንዴት እንደመታኋት፣ እንዴት እንደተሸከሙኝ። አፌን ስከፍት ዓይኔ ጥግ ላይ ካረፈው የገና ዱላ ላይ ወደቀ። የይመር መዳፍ ያለሰለሰው ወይራ ነው። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ቃል ወጣ።

"አላሸነፍሁትም" አልሁ። "ለቀቀልኝ። በዓይኔ አይቻለሁ። አውጫጭኙ ላይ በሐሰት ማልሁ። ሃምሳ ዓመት በውሸት ነው ያከበራችሁኝ።"

ቀለለኝ ልበል? አልቀለለኝም፤ ራቁቴን የቆምሁ መሰለኝ። ያን ጊዜ ከወዲያ ጥግ አንድ ሽማግሌ በምርኩዙ መሬቱን መታ መታ አደረገ። ካሳ ነው፤ የዱሮው በረኛ።

"ተቀመጥ፣ ሞላ" አለኝ። "ይህን የማያውቅ እዚህ ማን አለ?"

"ምኑን?"

"መልቀቁን ነዋ! ይመር እንዲያ ያለችውን እሩር ስቶ ያውቃል? አገር ሁሉ አይቷል። አንተ በትከሻ ስትሄድ እሱ ከኋላ በየሰው ጆሮ እየዞረ አስማለ፤ እኔንም ማታ በሩ ላይ። 'ሞላ አሸነፈኝ በሉ። ለራሱም ቢሆን እንዳትነግሩት። ደስ ብሎታል፤ አትንጠቁት' አለ። ማልን። ይኸው አፈር እስኪገባ ጠበቅንለት።"

ሃምሳ ዓመት። ከተማ ሙሉ ሰው። ሰካራሙ እንኳ ሰክሮ አላመለጠውም። ገበያ መሐል በጣት ሲጠቁሙኝ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ስጎማለል፣ ሁሉም ያውቁ ነበር። ተቀመጥሁ። አጠገቤ ያለው ሰው ንፍሮ አቀበለኝ።

በማግስቱ በአውቶቡስ ወደ ደሴ ስንመለስ ዘነበች ከጎኔ ተቀምጣለች። መንገዱ ተጋመሰ።

"አንቺም ታውቂ ነበር?" አልኋት።

"ሳላገባህ በፊት።"

"ታዲያ ምኔን ብለሽ አገባሽኝ? እኔ እኮ ስላሸነፍሁት ያገባሽኝ መስሎኝ ነው የኖርሁ።"

"በጨዋታ ማን ያገባል?" አለች። "ያገባሁህ በአውጫጭኙ ነው። ይመርን ዓይኑን ለማየት እንደምትጠላ አገር ያውቃል። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ይጠፋልህ ነበር። አንተ ግን ተነሣህና እስክትንቀጠቀጥ ድረስ ዋሸህለት። እኔም፣ 'ለሚጠላው ሰው እንዲህ ያደረገ ሰው ለሚወደውማ ምን አያደርግ' አልሁ። በዚያው ቀረሁ።"

ወደ መስኮቱ ዞርሁ። ልነግራት ይገባ ነበር፤ ለእሱ ብዬ አልዋሸሁም፣ ለራሴ ብዬ ነው፤ ያቺን አንዲት ስም እንዳላጣ። ትናንት በአገር ፊት የተናዘዝሁ ሰው ለሚስቴ መናዘዝ እንዴት ያቅተኛል? አፌን ከፈትሁ። እሷ ግን ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ዓይኗን ከድናለች፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ አለ።

ደስ ብሏታል፤ አልነጥቃትም አልሁ በልቤ። እንዳልሁም ቃሉ የማን እንደሆነ ትዝ አለኝ። እሱ ዝም ያለው ለእኔ ብሎ ነበር፤ እኔ ዝም ያልሁት ግን አሁንም ለራሴ ነው። እዚህም በለጠኝ።